ሽማግሌዎቼን በላፕቶፕ ይዤ ወደ ጉለሌ

ከጨንቻ ተነስቶ ጉለሌ የደረሰ ሰው ሞልቷል። የኛ ሸማኔዎች መንገዱን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያውቁታል። አንዱ ጋቢ ሊሸጥ፣ አንዱ ዘመድ ሊጠይቅ፣ አንዱ እዚያው ሊቀር ይሄዳል። ጦርነት ሊገጥም የሄደ ግን ከእኔ በፊት አልሰማሁም። አሁን በሰላም ተመልሼ እግሬን ዘርግቼ ስለተቀመጥኩ፣ ጨንቻንም ጉለሌንም ላላያችሁ ሰዎች ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ጦርነቱ። እኔ በጨንቻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። በኮምፒውተር የሚጫወቱት የስልት ጨዋታ አለ፤ አንድ ካርታ ላይ ብዙ ሥልጣኔዎች ይሰፍሩና ያርሳሉ፣ ይገነባሉ፣ ይዋጋሉ። በተለመደው ጨዋታ ተጫዋቹ ንጉሥ ነው፤ ሂዱ ሲል ይሄዳሉ፣ ተመለሱ ሲል ይመለሳሉ። እኔ በሄድኩበት ውድድር ግን ንጉሥ የለም። እያንዳንዱ ሥልጣኔ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ነዋሪዎች አሉት፤ ሁሉም በየራሱ ያስባል። አንተ አስቀድመህ ሕግ ትጽፍላቸዋለህ፤ ሲርባችሁ እንዲህ፣ ሲመቷችሁ እንዲያ ትላለህ። ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ታያለህ። ልጅን ለፈተና አስገብቶ ደጅ እንደ መቆም ነው።

እኔ ለነዋሪዎቼ የአገሬን ሕግ ጻፍኩላቸው። በጋሞ ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው ይወጣሉ። ሣሩ ከቀረበ በኋላ ዱላ ማንሳት ነውር ነው። እናም ከነዋሪዎቼ ጥቂቶቹን ሽማግሌ አደረግኩና ሣር አስያዝኳቸው። ጦር በመጣ ጊዜ ወደ ድንበር ወርደው ያስቆሙታል ብዬ ነበር። በዚህ ሕግ እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ዓለም ያላሰበውን አስቤያለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ያህል በመንገድ ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄጃለሁ።

ፈቃድ ልጠይቅ ርዕሰ መምህራችን አቶ ገዛኸኝ ዘንድ ስገባ መምህራኑ ተሰብስበው ነበር። የኮምፒውተር ክፍላችን አምስት ኮምፒውተር አለው፤ ሦስቱ ይሠራሉ። አቶ ገዛኸኝ ክፍሉን ለትምህርት ቤቱ እርሻ የዘር ድንች መጋዘን ሊያደርጉት ካሰቡ ቆይተዋል። የውድድሩ ሽልማት ለአሸናፊው ትምህርት ቤት የሚሰጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መሆናቸውን ነገርኳቸው።

«ሂድ» አሉኝ። «አሸንፈህ ኮምፒውተር ይዘህ ከመጣህ ክፍሉ ያንተ ነው። ተሸንፈህ ከመጣህ ግን ድንቹ ይገባበታል። ጨዋታ ሲጫወት ለሚውል ሰው ክፍል ምን ያደርግለታል? እስክትመለስ ቁልፉን እዚህ ተወው።»

መምህራኑ ሳቁ። ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስመለስ የማደርገውን ንግግር ማሰናዳት ጀመርኩ። መጀመሪያው «አቶ ገዛኸኝ፣ ድንችዎን ያውጡ!» የሚል ነበር።

ማክሰኞ። ከጨንቻ ስነሳ ጉሙ እንደ ልማዱ መንገዱን ውጦታል። እናቴ ለሚያሳድሩኝ ሰዎች ቡላ ጠቅልላ፣ ዳጣ ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልታ ሰጠችኝ። ዳጣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ከቅመም ጋር የሚፈጭበት የኛ አገር ማጣፈጫ ነው፤ ደካማ ሰው አይችለውም። ቁልቁለቱን ወርደን አርባ ምንጭ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ ጃኬቱ የት ይቀመጥ የሚለው ችግር ሆነ። እኛ ጋ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን እንተኛለን፤ እዚያ አንሶላውም ይከብዳል። ያረፍኩበት አልጋ ቤት የጣሪያ ማራገቢያ ነበረው፤ ይጮኻል እንጂ አይዞርም። የቤቱ ባለቤት ሲያልበኝ አይተው የራሳቸውን ማራገቢያ ከእንግዳ መቀበያው ነቅለው አመጡልኝ። እሳቸው በጋዜጣ እያራገቡ ተቀመጡ።

ረቡዕ። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሳ። ሶዶ ላይ ሻይ በዳቦ ጠጣሁ። ከሆሳዕና በኋላ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት አየሩን ማሽተት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ወጥ ይዘሃል እንዴ?»

«አይ፣ አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ከእኛ መሃል የሚበላ ሰው አለ።»

ቡታጅራ ለምሳ ስንወርድ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የዳጣው ጠርሙስ ክዳኑ ተፈንቅሏል። ላፕቶፑን የጠቀለልኩበት ጋቢ ግማሹ ቀይ ሆኗል። እዚያው ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቁጢጥ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ሁለት ሳምንት የጻፍኩት ሁሉ በቃሪያ የተቀቀለ መሰለኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ድምፄን ሰምታ ወጣችና ላፕቶፑን ተቀበለችኝ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው፤ በየቁልፎቹ መሃል የገባውን በስንጥር አወጣች፤ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከጠርሙሱ የተረፈውን ዳጣ በጣቷ ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይሄ እንዴት ይደፋል!» አለችኝ በቁጣ። «በል ግባ፣ በክትፎ እንሞክረው።»

ሞከርነው። የቡታጅራ ክትፎ በጨንቻ ዳጣ ምን እንደሚመስል ልጽፍላችሁ አልችልም፤ ሄዳችሁ ብሉ። የተረፈውን በብርጭቆ ጠርሙስ አሽጋ ሰጠችኝ። ላፕቶፑም ተነሳ፤ እንደ ሕፃን አቅፌው ወደ አውቶቡሱ ተመለስኩ።

አዲስ አበባ ስደርስ ታክሲ ይዤ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ የሞላ!» በሚል ረዳት እየተገፋሁ ጉለሌ ገባሁ። አዲስ አበባ ሞቃት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ጉለሌን አያውቅም። ብርዱ የኛው ነው፤ የባሕር ዛፉ ሽታ የኛው ነው፤ ሽቅቡም የኛው ነው፤ ያጣሁት ቀርከሃውን ብቻ ነው። ዳጣ የነካውን ጋቢዬን ደረብኩ። ታክሲ መውረጃው ላይ ጃንጥላ የያዙ ሴት «የጨንቻው መምህር! ና ወዲህ!» ብለው ተጣሩ። የሚያሳድሩኝ እትዬ አበራሽ ናቸው። የእሳቸው ባል ጋሽ ቶማ የሟቹ አባቴ ጓደኛ፣ ጉለሌ የከረሙ የጋሞ ሸማኔ ናቸው። እትዬ አበራሽ ግን ከኮረብታው ማዶ የመጡ ኦሮሞ ናቸው፤ በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ያፈላሉ።

«በምን አወቁኝ?» አልኳቸው።

«በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ቀይ ጋቢ የለበሰ አንተን ብቻ አየሁ» አሉ።

ወደ ቁስቋም የሚወስደውን ዳገት እያወጉኝ ወጡት፤ እኔ ደጋ የተወለድኩት መልስ መስጠት እንኳ አቅቶኝ ነበር። ቤት ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ጋሽ ቶማ «እዚያ ጋ ጉድጓድ አለ» ከማለታቸው የሽመናው እግር ማስገቢያ ጉድጓድ ውስጥ አንድ እግሬ ጭኔ ድረስ ገባ። ቤተሰቡ በሳቅ ፈረሰ። ፓስታ በእንጀራ ቀረበ፤ ዳጣው ተከፈተ፤ ጋሽ ቶማ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አገሬ» አሉ ቀስ ብለው።

ሐሙስ። ውድድሩ አዲሱ ገበያ አካባቢ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ነበር። ስምንት ተወዳዳሪዎች ነን፤ ከሁሉ የምበልጠው በዕድሜ ብቻ ነበር። ከጎኔ ሩት የምትባል የጉለሌ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ተቀመጠች።

«ይቅርታ መምህር» አለችኝ ገና ላፕቶፑን ስከፍት፣ «እ... ማለቴ፣ ላፕቶፕዎ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።»

አዘጋጆቹ ለሁሉም ሥልጣኔ የሚሠሩ ሁለት ሕጎች አስታወቁ። አንደኛው፣ ነዋሪ በተወረረ ቁጥር ቁጣው ይጨምራል፤ ቁጣው ከልክ ሲያልፍ ማሳውን ጥሎ ለበቀል ይዘምታል። ሁለተኛው፣ ነዋሪ ሲርበው እህል ወዳለበት ይሰደዳል፤ በገባበትም የዚያ አገር ሰው ይሆናል። ሌላውን እኛ ጽፈናል። ያን ቀን ልምምድ፣ ቅዳሜ ደግሞ የሚቆጠረው ውጊያ ነው፤ እስከ ዓርብ አስር ሰዓት ሕግ ማሻሻል ይቻላል።

ካርታው ግድግዳው ላይ በራ። የእኔ ሰዎች አረንጓዴ ነጥቦች፣ ሽማግሌዎቼ ግራጫ፣ የሩት ደግሞ ቀይ ናቸው። ቀዮቹ ወደ ድንበሬ መጡ። ግራጫዎቼ ሣራቸውን ይዘው በክብር ወረዱ። የሩት ወታደሮች ግን ጨንቻ አልተወለዱም። መሣሪያ ያልያዘ ሰው ፊታቸው ሲቆም የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ አደረጉት። ሽማግሌዎቼ አንድም ሳይቀር አለቁ። የሚያበርዳቸው ያጡት አረንጓዴዎች በቁጣ ማሳቸውን ጥለው ወጡ፤ እርሻው ባዶ ቀረ፤ ረሃብ ገባ። ከምሳ በፊት ጠፋን። ከስምንት ስምንተኛ!

ሩት ልታጽናናኝ ፈልጋ ነበር፤ ሳቋ ቀደማት። «መምህር፣ ሽማግሌዎችዎ ሣር ይዘው የመጡት ለምንድነው? ወታደሮቼ ላም መሰሏቸው እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ዳገቱን ስወጣ የሥራ ባልደረባዬ ደወለና ዋሽቼ መናገር አልቻልኩም፤ መጨረሻ መውጣቴን ነገርኩት። «ወይኔ» አለ፤ «የዛሬው ልምምድ ብቻ ነው ብንላቸውም አቶ ገዛኸኝ ምን ቸገረኝ ብለው የድንች ጆንያ እያስገቡ ነው።» ያን ማታ እትዬ አበራሽ ያቀረቡልኝን አልበላሁም፤ አፍሬ ነበር፤ ተናድጄም ነበር። በቃ፣ ሽማግሌዎቹን አውጥቼ ጦር አስይዛቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ። በጠዋት ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ቶማና ታናሽ ወንድማቸው ጳውሎስ ድራቸውን በመንደሩ መንገድ ዳር በችካል ላይ ዘርግተውት ነበር። ድር የሸማው ርዝመት የሚሆነው ክር ነው፤ ቤቱ ስለማይበቃው መንገዱን ይዋሳሉ። ጎረቤታቸው ለሚ ሚኒባሱን ወደ ኋላ ሲያወጣ ሳያይ ችካሎቹን ገጨ፤ የስንት ቀን ልፋት ጎማው ላይ ተጠመጠመ። ስወጣ ጳውሎስ የለሚን ኮሌታ ይዟል። ለሚም የጎማ መፍቻ ብረት ይዟል።

«ዓይን የለህም? ዓይን የለህም ወይ!» ይላል ጳውሎስ።

«መንገዱ የእናንተ ሳሎን ነው እንዴ?» ይላል ለሚ።

ጋሽ ቶማ ከአጥሩ ሥር ጤዛ ያለው ሣር ነጭተው መጡ። ትናንት የሆነውን አይቻለሁና፣ ሣሩን ይዘው ብረት ወደ ያዘው ወደ ለሚ ሊሄዱ ነው ብዬ ልይዛቸው ተነሳሁ። እሳቸው ግን ለሚን ዘወር ብለውም አላዩት። ጀርባቸውን ለእሱ ሰጥተው በገዛ ወንድማቸው ፊት ተንበረከኩ። ያ ሁሉ ሽበት መሬት ላይ!

«ጋሼ፣ ተነሣ! እኔ እኮ ነኝ የተበደልኩት!» አለ ጳውሎስ።

«ለዚያ ነው አንተ ጋ የመጣሁት» አሉ ጋሽ ቶማ።

ጳውሎስ ኮሌታውን ለቀቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ለሚ ብረቱን እንደያዘ ብቻውን ቀረ፤ እሱ የሚመታው ሰው የለም፣ እሱን የሚመታም የለም። ከዚያ ብረቱን መኪናው ውስጥ ወረወረና ጎማው አጠገብ በሆዱ ተኝቶ ክሩን አንድ በአንድ መፍታት ጀመረ። እትዬ አበራሽ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት፤ ጋደም እንዳለ አንገቱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶ ጳውሎስም መጥቶ ሌላውን ጫፍ ያዘለት።

ቁርስ ጨጨብሳ ነበር። ለሚም ከእኛ ጋር በላ። እሱ ሲሄድ ጋሽ ቶማን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሣሩን ለምን ለለሚ አላሳዩትም?»

«ለሚን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? ሰውዬው ቢረግጠኝስ?» ሳቁ። «ሣር ጠላት አያስቆምም ልጄ። ወንድምህን ነው የሚያስቆምልህ። ወንድምህ ከቆመ ያኛው ከማን ጋር ይጣላል? አንድ እጅ አያጨበጭብ። አንተ ጨንቻ አድገህ ይሄን አላየህም?»

አይቼ ነበር እኮ! ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን ልጅ ሁልጊዜ የሚያየው ከሕዝቡ ኋላ ሆኖ፣ በሰው እግር መሃል ነው። ሣሩን አየሁ እንጂ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረ ልብ ብዬ አላውቅም። በአገሬ ሕግ ስኩራራ ከርሜ ሕጉን ገልብጬ ነበር የጻፍኩት። እያፈርኩም እየሳቅኩም ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሽማግሌዎቼን ጦር አላስያዝኳቸውም። አንድ መስመር ብቻ ቀየርኩ፤ ቁጣ ከልክ ሊያልፍ ሲል ወደ ድንበር አትሂዱ፣ ወደ ራሳችሁ ሰው ሂዱ። አስር ሰዓት ሳይሆን ዳገቱን በሩጫ ወርጄ ሕጉን አስረከብኩ፤ ሁለት ጊዜ አዳልጦኝ ወድቄያለሁ።

ቅዳሜ። ጋሽ ቶማና እትዬ አበራሽ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ለብሰው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ጨዋታው ተጀመረ። ቀዮቹ እንደ ሐሙሱ መጡና የዳር ማሳዬን ዘረፉ። የአረንጓዴዎቼ ቁጣ ሲነሳ ነጥቦቹ መርገብገብ ጀመሩ። ግራጫዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጥተው ወደ ራሳቸው ሰዎች ሄዱ። መርገብገቡ ቀነሰ፤ አረንጓዴዎቹ ወደ ማሳቸው ተመለሱ። አንዳንዱ ማሳ ጠፋብን፤ የቀረው ታረሰ።

«መምህር፣ እየተዘረፉ ዝም ይላሉ እንዴ?» አለች ሩት።

«ቆይ፣ እናያለን» አልኳት።

ቀዮቹ ወደ ቢጫዎቹ ዞሩ። ቢጫዎቹ አልቻሉም፤ ተበቀሉ። ቀዮቹ ለዚያ በቀል ሌላ በቀል ይዘው መጡ። ሰማያዊዎቹም ገቡበት። በቀል በቀልን እየጠራ ካርታው በሙሉ ሲነድ ማሳዎቹ ባዶ ቀሩ፤ የሚያርስ የለማ! እኛ ብቻ እናርሳለን። ከዚያ ያ ሁለተኛው ሕግ መጣ። አንድ ቀይ ነጥብ፣ ብቻውን፣ መሣሪያውን ጥሎ ድንበሬ ላይ ደረሰ። ገባና አረንጓዴ ሆነ። ሌላ ተከተለው። ቢጫዎቹ መጡ፤ ሰማያዊዎቹ መጡ፤ በመጨረሻ እንደ ገበያ ቀን ይጎርፉ ጀመር። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ከኋላ የእትዬ አበራሽ እልልታ ተሰማ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በጋሞኛ እየጮኽኩ ነበር ይሉኛል፤ አላስታውስም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!

«ሰዎቼ ትተውኝ ሄዱ!» አለች ሩት ራሷን ይዛ። ከዚያ ወንበሯን ሳበችና «ሕጉን ያሳዩኝ፤ በላም የቀለድኩትን ይርሱት» አለችኝ። አሳየኋት። ዳኞቹ ሕጉን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁ ከኋላ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠቆምኩ። ጋሽ ቶማ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ቆመው እጅ ነሱ።

እሑድ ከቤተሰቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸሎት መሪው ስለ ድሉ ሲያመሰግን ለሚ፣ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ቢሆንም፣ ደጅ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀን ነበር። ሰኞ በማለዳ የተሸለምኳቸውን ኮምፒውተሮች እስከ መናኸሪያ የማደርሰው እኔ ነኝ ብሎ ሌላውን ሁሉ እንቢ አለ። የእጽዋት ማዕከሉን ሳላይ መጣሁ፤ እትዬ አበራሽ ተቀይመውኛል። ጳውሎስ ደግሞ ካርቶኖቹን በአሮጌ ሸማ ጠቅልሎ አሰረልኝ፤ ከዚያ ድር የተበጠሰው ክር ማሰሪያ ሆነ።

ሰኞ ሙሉ ቀን በመንገድ ላይ ንግግሬን ስስል ዋልኩ። ቡታጅራ ላይ ሦስተኛ አንቀጽ፣ ሶዶ ላይ ምሳሌያዊ አነጋገር ተጨመረበት። ማክሰኞ ረፋድ ጨንቻ ደርሼ በጉሙ ውስጥ ትምህርት ቤት ገባሁ። ማሸነፌን ሰምተዋል፤ ግን ክፍሉ ሲከፈት የድንች ጆንያ እስከ መስኮት ተቆልሏል። ያሉት ኮምፒውተሮች ጥግ ላይ ተደራርበዋል። መምህራኑ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ እኔ ምን እንደምል። አቶ ገዛኸኝ በሩ ላይ ቆመዋል፤ መልስ ይዘው እንደመጡ ፊታቸው ያሳብቃል።

አፌን ከፈትኩ። «አቶ ገዛኸኝ» አልኩ፤ ቀጥሎ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጋሽ ቶማ መሬት ላይ ተንበርክከው ታዩኝ። የተበደልኩት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ መቆም ያለበትም የእኔ ሰው ነበር፤ የእኔ ሰው ደግሞ እኔው ነኝ። ሣር መንጨት አላስፈለገኝም፤ ጨንቻ እግር የሚረግጠው ሁሉ ርጥብ ሣር ነው።

ጃኬቴን አውልቄ የመጀመሪያውን ጆንያ በአንድ ጫፍ ያዝኩ።

«ከባድ ነው» አልኩ። «በዚያ በኩል ይያዙልኝ።»

አቶ ገዛኸኝ ያዘጋጁት መልስ የሚመልሱለት ሰው አጣ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሌላውን ጫፍ ያዙ። ሁለታችን ጆንያ ስናወጣ መምህራኑ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም፤ ተከተሉን። ግማሽ ያህሉን እንዳወጣን አቶ ገዛኸኝ ላባቸውን ጠርገው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆዩ።

«እነዚያ ሽማግሌዎች» አሉ፣ «እስቲ እኔንም አሳየኝ።»